ባሕር ዳር ላይ የፕሌይስቴሽን ሊግ ልንጀምር ነው፤ ዘንድሮ እንዳይፈርስብን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የቀበሌ 14 ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀበሌ 14 አካባቢ ወንድሜ የከፈተው ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ የምሠራበት እኔ ነኝ። ሁለት ፒኤስ 4 እና ሁለት ቲቪ አለን። የምንጫወተው ኤፍሲ 24 የሚባለውን የኳስ ጌም ነው። ስሙ ቢቀየርም እኛ አሁንም ፊፋ ነው የምንለው።

ዓምና ሊግ ጀምረን ነበር። 16 ልጆች ተመዘገቡ፣ ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል ተባለ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ፈረሰ። አንዱ ልጅ 3 ለ 1 እየመራ መብራት ጠፋ። እሱ "አሸንፌያለሁ" አለ፣ ያኛው "ከዜሮ ይጀመር" አለ። ሁለቱም የሰፈሬ ልጆች ናቸው፣ ለማን እንደምፈርድ ግራ ገባኝ። በዚያ ላይ ሽንፈት የበዛባቸው ሦስት ልጆች መምጣት አቆሙ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ እንደገና እንጀምራለን። 12 ነን። ሌላ አገር እንዳሉት ብሔራዊ ሊጎች ሙሉ የውድድር ዘመን፣ የደረጃ ሰንጠረዥና መጨረሻ ላይ ዋንጫ ያለው እንዲሆን እንፈልጋለን። ፕሮግራሙን እንዴት ላውጣ? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? የቀረ ሰው ነጥብ እንዴት ይያዝ? ወይስ ሁሉም ከየቤቱ በኦንላይን ቢጫወት ይሻላል?

መልስ፦ ፖሊ ግቢ

ኦንላይኑን እርሳው። መጀመሪያ ነገር ኤፍሲን በኦንላይን ለመጫወት እያንዳንዱ ልጅ ፒኤስ ፕላስ (የፕሌይስቴሽን የኦንላይን ደንበኝነት) መክፈል አለበት፤ ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሬ ነው። ሁለተኛ፣ የጨዋታው ሰርቨር አገራችን ውስጥ የለም። አንተ ቀበሌ 14፣ ጓደኛህ ፔዳ ሆናችሁ ብትጫወቱ እንኳ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመለሰው። ፒንጉ (ምልክቱ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ይጨምራል፣ ኳሷ ከእግር ትዘገያለች፣ የተሸነፈው ሁሉ "ላግ ነው" ይላል። አንድ ቤት፣ አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ። ይሄን የሚያህል ፍትሐዊ ነገር የለም።

ፕሮግራም ማውጣት ከባድ አይደለም። 12 ሰው አንድ ዙር ሲጫወት 66 ግጥሚያ ነው። 11 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 6 ግጥሚያ። ስማችሁን በቁራጭ ወረቀት ጻፍና ጠረጴዛ ላይ ስድስት ስድስት አድርገህ ፊት ለፊት ደርድር። የተያዩት የመጀመሪያው ሳምንት ተጋጣሚዎች ናቸው። ለሚቀጥለው ሳምንት ከላይ በግራ ያለውን ስም አትንካው፤ ሌሎቹን 11 በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ አዙር። እንዲህ እያልክ 11ኛው ሳምንት ስትደርስ ሁሉም ከሁሉም ተገናኝቷል፣ የተደገመም የለም። ቁጥራችሁ ጎዶሎ ከሆነ "እረፍት" የሚል አንድ ወረቀት ጨምርበት።

እኔ ብሆን በአንድ ግጥሚያ ሁለት ጨዋታ አደርጋለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱ ነጥብ ያለው። አንድ ጨዋታ ብቻ ከሆነ በአንዲት ፔናሊቲ ይበላሻል። ጊዜውም አያስፈራም። አንዱ አጋማሽ 6 ደቂቃ ከሆነ ጨዋታው ከአሰላለፍ ምርጫው ጋር ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። በሳምንት 12 ጨዋታ በሁለት ቲቪ ሲካፈል ስድስት ስድስት ይደርሳል። ሁለት ሰዓት በቃ። ዓምና 16 ስትሆኑ አንዱ ዙር ብቻ 120 ግጥሚያ ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን የደከማችሁ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ከሰዓትን አትንካ። የእንግሊዝ ጨዋታ 11 ሰዓት፣ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ልጆቹ ዲኤስቲቪ ቤት ነው የሚሆኑት። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩ ነው። በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጀመራችሁ 11ኛው ሳምንት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይውላል። አንድ ሳምንት ለተላለፉ ጨዋታዎች ተውና ከዚያ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ይግጠሙ። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል። ዋንጫው ከጥምቀት በፊት ያልቃል።

መልስ፦ ሽቦ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የመብራቱን ልመልስልህ።

ለእያንዳንዱ ቲቪና ፒኤስ አንድ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ) ፈልግ። ያገለገለም ይሁን፣ ባትሪው ግን ደህና መሆኑን አይተህ ግዛ። ቀኑን ሙሉ እንዲያጫውትህ አይደለም፤ የተያዘውን ጨዋታ ለመጨረስ ነው። ዩፒኤስ ላይ ካልተሰካ ግን መብራት ሲጠፋ ፒኤሱን ከሶኬት ንቀለው። ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ ኃይል ጨምሮ መምጣቱ ነው። ክረምቱ ካልወጣና መብረቅ ካለ ደግሞ አንቴናውንም ንቀል።

ዩፒኤስ ከሌለ ሕግ ያስፈልግሃል፤ ምክንያቱም በመሃል የተቋረጠ ጨዋታ አይቀመጥም። በየቲቪው አጠገብ የማይጫወት አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። ጎል ሲገባ፣ ካልገባም በየ15 ደቂቃው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓትና ውጤቱን ይጻፍ። መብራት ሲጠፋ ሁለቱ ይፈርሙበት። ሲመለስ አዲስ ጨዋታ ተከፍቶ የቀረውን ደቂቃ ብቻ ይጫወታሉ። 60ኛው ደቂቃ ላይ ከጠፋ አዲሱ 30ኛው ደቂቃ ላይ ይቆማል፣ ጎሉ በፊተኛው ላይ ይደመራል። የዓምናው ልጅ 3 ለ 1 መምራቱን አያጣም፤ ያኛውም የቀረውን ደቂቃ አይነጠቅም። ደቂቃው ካከራከረ መጨረሻ የተጻፈው ይያዝ።

ቀይ ካርድ ብቻ ያስቸግራል። አሥር ሆኖ ማስጀመር አይቻልም። ካርድ ያየው ተጫዋች ወጥቶ ተቀያሪው ይግባ፣ እሱን ተቻችላችሁ እለፉት።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ እኔ ጨዋታውን አላውቀውም። ሆኖም ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት ስፖርት ውድድር መርቻለሁ። ችግራችሁ እኛም የነበረብን ነው።

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይባላል። ሕጉ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በወረቀት ይጻፍ። 12ቱም ይፈርሙ፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለት ልጆች ሲጣሉ አንተ ብቻህን አትፍረድ። ያን ቀን ያልተጫወቱ ሦስት ልጆች ይፍረዱ፣ የእነሱም ቃል የመጨረሻ ይሁን።

ለቀረ ሰው እንዲህ አድርጉ። በ20 ደቂቃ ከዘገየ ፎርፌ ነው፤ 3 ለ 0። ቀድሞ በዋዜማው ከተናገረ ግን በውድድር ዘመኑ ሁለት ጊዜ ማስተላለፍ ይፈቀድለት። ሰው ታሞ ወይም ለቅሶ ደርሶበት ፎርፌ ማለት ደግ አይደለም። ጨርሶ የወጣ ካለ ደግሞ ስንት እንደተጫወተ ቁጠሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ የእሱ ውጤቶች በሙሉ ይሰረዙ። ግማሹንና ከዚያ በላይ ከተጫወተ ያለፈው ይጽና፣ የቀረው ፎርፌ ይሁን። ሰው በወጣ ቁጥር ሰንጠረዡ የሚዛባው ይህ ስለማይወሰን ነው።

የፈተና ሳምንት ጨዋታ አይኑር። ይህን ወላጅ ሆኜም እለምንሃለሁ።

መልስ፦ ፔዳ ማዶ

ጋሼ ልክ ናቸው። ነጥብ እኩል ሲሆን ደግሞ በጎል ልዩነት አትጀምሩ። ፊፋ ላይ ተስፋ የቆረጠ ልጅ 9 ለ 0 ይሸነፋል፤ ያን ቀን የገጠመው ሰው ያለ ድካሙ ከፍ ይላል። በስፔን ላሊጋ እንደሚደረገው መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት ይታይ፣ ከዚያ የጎል ልዩነት።

ቡድንም አስቡበት። አንዱ ሪያል ማድሪድን፣ አንዱ ደካማ ቡድን ይዞ ሙሉ ወቅት መጫወት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የጀርመኑ ቨርቹዋል ቡንደስሊጋ፣ ማለትም የዚሁ ጌም ብሔራዊ ሊግ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ጌሙ ውስጥ ያሉት የሁሉም ተጫዋቾች ደረጃ 85 ሆኖ ነበር የሚካሄደው፤ ልዩነቱ የልጁ ችሎታ ብቻ እንዲሆን። እናንተ ባለ አምስት ኮከብ ቡድኖችን ብቻ ፍቀዱ።

መልስ፦ ጆይስቲክ ጠጋኝ

አጭር ነው። የቲቪውን ጌም ሞድ አብሩት፤ መዘግየቱ ይቀንሳል። ስቲኩ ራሱን የሚነዳ ጆይስቲክ ለሊግ አይቅረብ። የራሱን ማምጣት የሚፈልግ ያምጣ። ሁለቱም ፒኤስ ላይ ጨዋታው አንድ ዓይነት አፕዴት ይኑረው።

መልስ፦ የሽምብጥ ልጅ

እኔ ሴት ነኝ፣ ከወንድሞቼ ጋር ቤት ውስጥ እጫወታለሁ። ጥሩም ነኝ። ፕሌይስቴሽን ቤት ግን አልገባም። ጭሱ፣ ስድቡ፣ በር ላይ የሚቆሙት። ቅዳሜ ጠዋት ማጨስ ተከልክሎ፣ የሚሳደብ ጨዋታው እንደሚቋረጥበት ሕጉ ላይ ከተጻፈ እኔም ሁለት ጓደኞቼም እንመዘገባለን። ለሴቶች ብቻ የሚል ውድድር አልጠየቅሁም። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ መግባት ነው የምፈልገው።

ጠያቂው፦ የቀበሌ 14 ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ሕግ ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ። እህቴ፣ ያልሽው ሁለቱም ይገባበታል፤ ወንድሜን አናግሬዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማጨስ የለም ብሏል። ሦስት ከመጣችሁ 15 ስለምንሆን "እረፍት" የሚለውን ወረቀት እጨምራለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከታች ያሉት ልጆች እንዳይቀሩ ምን ላድርግ? የመመዝገቢያ 200 ብር አስበናል።

መልስ፦ ፖሊ ግቢ

15 ከሆናችሁ 15 ሳምንት ነው፤ አንድ ሰው በየሳምንቱ ያርፋል። ከጥምቀት በፊት እንዲያልቅ አራቱን ሳምንት ቅዳሜና እሑድ አጫውቱ፣ እሑድን ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት።

ከ200ው ብር 100ው መያዣ ይሁን። ጨዋታዎቹን በሙሉ የተጫወተ፣ የመጨረሻም ቢወጣ፣ መቶ ብሩ በቴሌብር ይመለስለት። ሌላው መቶ ለሽልማት ነው። በጨዋታ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ቁማር የገባበት ቤት ወላጅ ልጁን አይልክም። ደግሞ ከ8ኛ እስከ 15ኛ ለሚወጡት ስምንት ልጆች የራሳቸው ጥሎ ማለፍ አዘጋጅ። ሰባት ጨዋታ ብቻ ነው፣ በአንድ ጠዋት ያልቃል። 15ኛ ላይ ያለውም ከፊቱ ዋንጫ ካለ ይመጣል።

መልስ፦ የሽምብጥ ልጅ

ሦስታችንንም መዝግበን። ጨዋታው ከ5 ሰዓት ተኩል ባያልፍ ደስ ይለናል፤ አንዷ ጓደኛዬ ከዘንዘልማ ነው የምትመጣው።

ጠያቂው፦ የቀበሌ 14 ልጅ

ተመዝግባችኋል። የሷን ሁልጊዜ 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያ አደርገዋለሁ።