ለሁለት ሰው ብቻ ቡና ሲፈላ፦ ስንት ቡና፣ ስንት ውሃ፣ ምን ዓይነት ጀበና?

የጀሞው አባት
ጤና ይስጥልኝ። እኔም ባለቤቴም ጡረታ ወጥተናል፤ ልጆቹ የየራሳቸውን ጎጆ ስለወጡ ረከቦቱ ፊት የምንቀመጠው ሁለታችን ብቻ ነን። ለብዙ ሰው ማፍላት ስለለመድን መጠኑ ጠፋብን፤ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ አተላ ይሆናል። አዲስ የገዛነው ትንሽ ጀበናም ታቹ ያልባል። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ምድጃችንም የኤሌክትሪክ። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለናል፤ ቡናውን ግን መተው አንፈልግም። የምታውቁ እስቲ ምከሩን።

ረከቦት
ጋሼ፣ ሚዛን አያስፈልግዎትም፤ በሲኒ ይስፈሩ። ለሁለት ሰው ከግማሽ ሲኒ ትንሽ ከፍ ያለ ጥሬ ቡና ይበቃል፤ 30 ግራም ገደማ ነው። ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚወጣ 25 ግራም ያህል ይቀራል። ለአቦል ውሃው ሦስት ሲኒ ተኩል። ሁለቱ ለእናንተ ነው፤ የቀረውን ዱቄቱ ይጠጣዋል፣ ጥቂቱም ከአተላው ጋር ታች ይቀራል። በጠጪው ቁጥር ልክ ውሃ የጨመረ ሰው ሁለተኛው ሲኒ ላይ አተላ የሚቀዳው ለዚህ ነው። ለቶና ዱቄቱ አስቀድሞ ስለራሰ ሁለት ሲኒ ከሩብ፣ ለበረካ ሁለት ሲኒ ብቻ ይጨምሩ።

ጀበናው ከግማሽ ሊትር አይብለጥ። በትልቅ ጀበና ትንሽ ቡና ለመቅዳት ብዙ ማዘንበል ግድ ነው፤ ያኔ የሰከነው ሁሉ ተነስቶ ይመጣል።

ውሃው ሲፈላ ጀበናውን ከእሳት አውርደው ዱቄቱን ይጨምሩ፣ ከዚያ ይመልሱት። አንገቱ ጋ ሲደርስ ያውጡትና ማቶቱ ላይ ትንሽ ዘንበል አድርገው 4 ደቂቃ ያሳርፉት። ሁለቱን ሲኒ አፍ ለአፍ አጠጋግተው ሳያቋርጡ በአንድ ጉዞ ይቅዱ። መሃል ላይ ጀበናውን ቀና ካደረጉት ቡናው ደፈረሰ ማለት ነው።

ሸክላ ወዳጅ
አዲስ ጀበና ማላቡ ጉድለት አይደለም፤ ሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ነው፣ መሟሸት ይፈልጋል። መጀመሪያ ግን በጣት መታ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካለው ተሰንጥቋል፣ ለሻጩ ይመልሱት።

ለማሟሸት አንድ ሾርባ ማንኪያ የእህል ዱቄት በውሃ በጥብጠው እስከ ትከሻው ይሙሉት፣ በዝቅተኛ እሳት ለግማሽ ሰዓት ያፍሉት፣ እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ዱቄቱ ሲፈላ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። በማግስቱ በቡና አተላና በውሃ አንድ ሁለቴ ይድገሙት፤ የሸክላው ሽታም ይለቃል። በሳሙና ፈጽሞ አይጠብ፤ ሸክላ ሳሙናውን ጠጥቶ ለቀጣዩ ቡና ይመልሰዋል።

ታቹ ክብ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያግለዋል፣ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ቀጭን የብረት ሳህን ከሥሩ ያስገቡና ከዝቅተኛው ቁጥር ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ለቶና ሲሆን በጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩ፤ ለብ ያለ ይሁን። እባክዎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ዘግተው ከሰል አያቀጣጥሉ፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

አመልማሎ
በየቀኑ መቁላት ለምን? የሳምንቱን 200 ግራም በአንድ ጊዜ ቆልቶ፣ ፍጹም ሲቀዘቅዝ አየር በማያስገባ ዕቃ ማስቀመጥና በየዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይቻላል። ጭሱም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል። ትኩስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚለቅ ጀበና ውስጥ ይገነፍላል፤ አንድ ቀን ያደረ ይረጋጋል።

ረከቦት
ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው፤ የቡናው ግማሽ ደስታ ደግሞ ሲቆላ የሚሸተው ነው። ጭሱ የሚበዛው ቡናው ዘይት ሲያወጣ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያቁሙ። ጥሬውን በውሃ አሽተው ገለፈቱን ያውጡ፣ በትንሽ ብረት ምጣድ ያለማቋረጥ እያገላበጡ ይቁሉት። 30 ግራም በሰፊ ምጣድ ከተበተነ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። ጠሽ ጠሽ የሚለው ድምፅ ጋብ ሲል ወዲያው ሰፌድ ላይ ይገልብጡት፤ ምጣዱ ላይ ከቆየ በግለቱ መቁላቱን ይቀጥላል። ለሚገነፍለው ደግሞ ጀበናውን ከትከሻው በላይ አለመሙላት ይበቃል።

መድኃኒት ቤት
ስለ እንቅልፉ፦ በአማካይ ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣ ሰው ማታ 3 ሰዓት ገና ግማሹ አብሮት ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ወዲያው፣ ቢዘገይ እስከ 8 ሰዓት ያፍሉ። ካፌይኑ በብዛት የሚወጣው በአቦል ነው፤ ከሁለት አንዳችሁ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ካለ ከቶና ይጀምር።

የብረት ክኒን ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ከቡና ጋር አይውሰድ፤ ቡናው እንዳይሰርጽ ያደርገዋል። የታይሮይዱን ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ወስዶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መቆየት ነው። ግፊት የሚለካም ቡና በጠጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አይለካ፤ ከፍ ብሎ ይታያል። በጨው መጠጣት የለመደ ግፊት ካለበት ጨውን ይተው።

የጀሞው አባት
እግዜር ይስጥልኝ። የቡና ቁርሱስ? ቆሎ ለጥርሳችን ከበደ።

አመልማሎ
ንፍሮ ያድርጉት ጋሼ። ሁለት ሲኒ ስንዴና አንድ ሲኒ ሽምብራ ለየብቻ ሲዘፈዘፍ ይደር። ሽምብራው ስለሚዘገይ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይጣድ፣ ከዚያ ስንዴው ይጨመር። በጣት ሲጫኑት ከፈረጠ በስሏል፤ አንጠፍጥፈው ትኩሱን ያቅርቡት።