ክርክር፦ ታዳጊዎችን ለኳስ የምንመድበው በዕድሜ ነው ወይስ በሰውነት ዕድገት?

አወያይ፦ የታዳጊ ፕሮጀክቶቻችን ልጆችን የሚመድቡት በትውልድ ዓመት ነው። ከ13 በታች፣ ከ15 በታች፣ ከ17 በታች። ሁለት የ13 ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንዱ ድምፁ ጎርንኖ ጢሙ ሊወጣ ነው፣ ሌላው ገና ልጅ ነው። የሁለቱም ዕድሜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ወንዶች በጣም በፍጥነት የሚረዝሙት በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ፣ ሴቶች 12 አካባቢ ነው። አንዳንዱ ወንድ ግን በ12 ይመዘዛል፣ ሌላው እስከ 16 ይዘገያል።

እንግሊዝ ውስጥ የፕሪምየር ሊግ አካዳሚዎች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ልጁ አዋቂ ሲሆን የሚደርስበትን ቁመት ይገምታሉ። ከዚያ አሁን ስንት በመቶው ላይ እንደደረሰ ያሰላሉ። ከ85 እስከ 90 በመቶ የደረሱትን እርስ በርስ ያጋጥማሉ። እኛስ? ከነምክንያታችሁ ጻፉ።

የሰፈር አሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ፦ እኔ አልቀበለውም። የኛ ችግር ሌላ ነው። ዕድሜ ይቀነሳል። ልደት በመንግሥት መዝገብ ላይ በመደበኛነት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዛሬ ከ15 በታች ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ወረቀታቸው ኋላ የወጣ ነው። ፊፋ እንኳ ወረቀት አላምንም ብሎ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የወንዶች ዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳ መሣሪያ) ያያል። እዚያ ያለው አጥንቱ የሚያድግበት ክፍተት ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ ከ17 አልፏል ማለት ይቻላል።

አሁን እናንተ «ዕድሜውን ተዉት፣ ሰውነቱን እዩ» ስትሉ፣ ያ ዕድሜ የሚቀንሰው ሰው ምን የሚል ይመስላችኋል? «የኔ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያድገው» ይላል። መጀመሪያ ትክክለኛውን ዕድሜ እናስከብር። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው እናወራለን።

እናት፣ ሜሪላንድ፦ አሰልጣኝ፣ አክብሬዎት ነው የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ የሚወለድን ልጅ ሆስፒታሉ ወዲያው ያስመዘግበዋል። ዕድሜ የሚቀንስ የለም። ልጄ ግን ባለፈው ዓመት ክንዱን ተሰበረ። እሱና አንድ ሌላ ልጅ ኳሱ ላይ እኩል ደረሱ፣ ያኛው ልጅ በአንድ ጭንቅላት ይበልጠዋል፣ ጥሎት ወደቀበት። ያ ልጅ ምንም አላጠፋም። እሱም 12 ዓመቱ ነው። እናቱ ከኔ በላይ ስታለቅስ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ቢስተካከልም ጉዳዩ አያልቅም።

ልጄ አሁን ኳስ ሲመጣ ወደኋላ ይላል። አሰልጣኙ «ፈሪ ሆነብኝ» አለኝ። በጣም አዘንኩ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሐዋሳ፦ እህቴ ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ፈሪ ያሉት ልጅ ራሱን እየጠበቀ ነው።

አሰልጣኙ ያነሱትን ልመልስ። ፊፋ የሚጠቀምበት ኤምአርአይ ማጭበርበርን ለመያዝ ነው። አንድ ልጅ ከማን ጋር ቢጋጠም ይጎዳል የሚለውን አይመልስም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ሐኪም ቤት የማየውን ልንገራችሁ። በልጅ አጥንት ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል በፈጣን ዕድገት ጊዜ ከጅማቱ እንኳ ይደክማል። አዋቂ ላይ ወለምታ ብቻ የሚሆን ምት ልጅ ላይ ያንን ክፍል ሊሰብረው ይችላል። ክፉኛ ከተጎዳ እግሩ ወይም እጁ አጥሮ ወይም ተጣምሞ ሊቀር ይችላል። ወንድ ልጅ በጣም በሚመዘዝበት ዓመት 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አጥንቱ ቀድሞ ሲሄድ ጡንቻው ይወጠራል። ከጉልበቱ በታች ሊያብጥ፣ ተረከዙን ሊያመው ይችላል። ቅልጥፍናውም ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ አደጋው የትንሹ ብቻ አይደለም። በድንገት የተመዘዘው ትልቁም ልጅ በአደጋ ላይ ነው። እሱን ግን ማንም አያዝንለትም። «ጠንካራ ነው» ብለን ሁሉንም ጨዋታ እናጫውተዋለን፣ ከ15ቶቹም ጋር እንጨምረዋለን።

የቴኳንዶ አሰልጣኝ፣ ባሕር ዳር፦ እኛ ዘንድ በዕድሜም በኪሎም ይመደባል። ኳሱም በኪሎ ቢሆንስ? ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ የልጆች ራግቢ የክብደት ገደብ ያላቸው ምድቦች አሉት። አንድ ነገር ግን ልናገር። ልጆች ለኪሎው ሲሉ ምግብ ይተዋሉ። ከውድድር በፊት ውኃ የማይጠጣ ልጅ አይቻለሁ፣ ተቆጥቻለሁም። በሚያድግበት ዕድሜ መራብ ኃጢአት ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሐዋሳ፦ ኪሎ ብስለትን አያሳይም። ወፍራም ልጅ ጉርምስና ላይ ሳይደርስ 50 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ከሱ ጋር 50 ኪሎ የሆነ ጡንቻማ ጎረምሳ ብታጋጥም ያው ነው።

የእንግሊዞቹን ስሌትም እንዳለ እንቅዳ አልልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ቀመር የልጁን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና የሁለቱን ወላጆች ቁመት ይጠይቃል። የተሠራው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በነጭ ልጆች መረጃ ነው። የኛ ልጆች አመጋገብ ሌላ ነው። አባቱን የማያውቅ ልጅ ደግሞ የአባቱን ቁመት ከየት ያመጣል? ቀመሩ ዕድሜንም ስለሚጠይቅ፣ በዚህ አሰልጣኙ ልክ ናቸው፤ የተቀነሰ ዕድሜ ስሌቱን ያበላሸዋል።

ግን ሜትር አለን። ግድግዳ አለን። እያንዳንዱን ልጅ በየሦስት ወሩ፣ ጫማ አስወልቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት እንለካ። ባለፉት ሦስት ወራት ከሌላው ጊዜ በላይ የተመዘዘው ልጅ ይታያል። ለዚያ ልጅ ዝላይና ሩጫ ይቀነስለት። ለዚህ የማንም የልደት ወረቀት አያስፈልግም።

አባት፣ ካልጋሪ፦ እዚህ ካናዳ ልጆች የበረዶ ሆኪ ይጫወታሉ። ሆን ብሎ በትከሻ መግጨት የጨዋታው አካል ነው። 11 እና 12 ዓመት ላይ የኩቤክ ክልል አይፈቅድም ነበር፣ የኛ አልበርታ ይፈቅድ ነበር። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለቱን አወዳድረው በ2010 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በተፈቀደበት ቦታ የጉዳት አደጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በ2013 ለዚያ ዕድሜ በመላው ካናዳ ተከለከለ። ልብ በሉ፣ ልጆቹን እንደገና አልመደቡም። ሕጉን ነው የቀየሩት። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታ (ኳስን በጭንቅላት መምታት) ከልክሏል። ከ11 እስከ 13 ላሉት ልምምድ ላይ ገደብ አለው።

የቀድሞ ተጫዋች፣ አዳማ፦ ሁላችሁም ስለ ስብራት ታወራላችሁ። እኔ ስለሚባረረው ልጅ ልናገር። እኔ ዘግይቼ ነው ያደግሁት። 14 ዓመቴ ላይ «ብላ፣ ደልበህ ና» ተብዬ ተመለስኩ። አብረውኝ ከተመለሱት ውስጥ ኳስ ከእግራቸው የማይጠፋ ልጆች ነበሩ። አንዳቸውም ዳግም ወደ ኳስ አልመጡም። ደግሞ ያኔ በጉልበቱ ብቻ ግብ ያገባ የነበረው፣ ሌሎቹ ሲደርሱበት ቴክኒክ አልነበረውም። ሁለቱም ወገን ነው የተጎዳው።

ነገር ግን ያኔ «ወርደህ ከ12ቶቹ ጋር ተጫወት» ብትሉኝ ኖሮ ኳስ አቆም ነበር። ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በወር አንዴ ልምምድ ላይ ሁሉም በሰውነቱ ዕድገት እየተቀላቀለ ቢሆን፣ ማንም ወረደ አይባልም።

የሰፈር አሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ፦ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። መለካቱን እቀበላለሁ፤ ወጪ የለውም። የተመዘዘውን ልጅ ከዝላይ ማሳረፍም ልክ ነው። የፊፋ 11+ የሚባለውን ማሟሟቂያም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፣ 20 ደቂቃ ነው፣ ጉዳት እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል፤ ግን ሜዳ የምናገኘው ለአንድ ሰዓት ስለሆነ እንዘለዋለን። ይሄ መቆም አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የዕድሜ ምድቡ መቁጠሪያ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የ2011 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይመዘገባል። በጥር 2004 የተወለደው የ2012 ነው። በኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ልጆች ሆነው ሳለ ለሁለት ይከፈላሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ የተወለደው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የምድቡ ትንሹ እሱ ነው። ዘግይቶ የሚያድግ ከሆነማ አለቀለት።

ውድድርን በሰውነት መመደብን ግን አሁንም አልደግፍም። ሽልማት ባለበት ቦታ ሜትሩም ይጭበረበራል። ጉልበቱን አጥፎ የሚለካ ልጅ ይመጣል።

እናት፣ ሜሪላንድ፦ እሺ አሰልጣኝ፣ ምደባውን እንተወው። ከ13 በታች ሸርተቴ (ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ) ቢከለከልስ? የልጄን ክንድ ባያድንም፣ የብዙ ልጅ ቁርጭምጭሚት ያድናል። ዳኛው ፊሽካ መንፋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

የሰፈር አሰልጣኝ፣ አዲስ አበባ፦ ይሄን እቀበላለሁ እህቴ። የኛ ሜዳ ጠጠር ነው፣ ሸርተቴ የሚወርደውም ልጅ ቆዳው ይገፈፋል። ከ13 በታች የሚያሰለጥኑት ጓደኞቼ ከውድድሩ በፊት ሲሰበሰቡ አቀርበዋለሁ። የሚቃወም እንደሚኖር አውቃለሁ፤ «ልጅ መጋጠም መልመድ አለበት» ይሉኛል። የካልጋሪውን ጥናት ባጭሩ ጻፍልኝ ወንድሜ፣ ይዤው ልግባ።