ታግ በአማርኛ «ምልክት» ነው ወይስ «መለያ»?

ሰላም የቋንቋ ሰዎች፣ ለስራ ባልደረቦቼ ስለ ቪላን (VLAN፣ አንዱን ኔትወርክ እንደተለያዩ ኔትወርኮች መክፈያ) አጭር ማስታወሻ በአማርኛ እየፃፍኩ ነው፣ አንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ቨርችዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተሰሩ ኮምፒውተሮች) ትራፊካቸው እንዳይደባለቅ ፍሬሙ (ኔትወርክ ላይ የሚላከው የዳታ ጥቅል) ላይ የሚገባ ታግ አለ አይደል፣ እሱን «ምልክት» ብዬ ጀመርኩና ሶስተኛው አንቀፅ ላይ አላስኬደኝም። ምን ትሉታላችሁ?

—

«መለያ» በለው ወንድሜ። «መለየት» እኛ ጋ ሁለት ስራ ነው ያለው፣ «ድምፁን ለየሁት» ስትል አወቅኩት ነው፣ «ግልገሉን ከእናቱ ለየው» ስትል ደሞ ነጠለው ነው። ታግም ይሄንኑ ነው የሚያረገው፣ ስዊቹ (ፍሬሞቹን የሚያስተላልፈው መሳሪያ) ታጉ ላይ ያለውን ቁጥር ያይና የየትኛው ቪላን እንደሆነ ያውቃል፣ በዛው ከሌላው ይነጥለዋል። ምልክት ግን አይተኸው የምታልፈው ነገር ነው።

—

እኔም መለያ ነው የምለው፣ ደስ የሚለው ደሞ የኳስ ተጫዋች መለያም ስለሆነ ግሱ አብሮ ይመጣል፣ ማልበስ እና ማውለቅ። ቨርችዋል ማሽኑ ፍሬሙን ራቁቱን ይልካል፣ ቨርችዋል ስዊቹ ለምሳሌ 20 ቁጥርን አልብሶ ወደ ውጪ ይሰደዋል፣ ሲመለስ አውልቆ ይሰጠዋል፣ ማሽኑ መለያ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅ። ባይቱን ብትዘረግፈው ከሁለቱ ማክ አድራሻዎች (የተቀባዩና የላኪው መለያ ቁጥሮች) ቀጥሎ 81 00 00 14 የሚል 4 ባይት ታገኛለህ፣ 81 00 «መለያ ለብሻለሁ» ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው 14 በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) ስለሆነ የኛው 20 ነው። ለቁጥሩ የተሰጠው 12 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4096ቱ 0 እና 4095 ተይዘው 4094 ይቀራል።

—

ስለ 4095 ካነሳህ አይቀር፣ ቪኤምዌር (ቨርችዋል ማሽን ማስኬጃው ሶፍትዌር) ላይ ፖርት ግሩፑን፣ ማለትም ማሽኖቹ የሚሰኩበትን የቨርችዋል ስዊቹን ክፍል፣ 4095 ካልከው «አታውልቅ፣ ማሽኑ ራሱ ያውልቅ» ማለት ነው። እኔ «ሁሉንም ፍቀድ» መስሎኝ አስገብቼው ማሽኑ ውስጥ ምንም ቪላን ስላልተዋቀረ ኔትወርኩ ድርግም፣ ግማሽ ቀን ኬብል ስነካካ ዋልኩ 😅

—

ትራንክስ? «ግንድ» ያለ አይቻለሁ።

—

ግንድ ለሲስኮው ትራንክ ያስኬዳል፣ አንድ መስመር ብዙ ቪላን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ችግሩ የድሮዎቹ የኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ላይ ትራንክ ማለት ብዙ ኬብል አስሮ እንደ አንድ መጠቀም ነው፣ እሱ ግንድ ሳይሆን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ሁለቱን አንድ ቃል ካልናቸው አንባቢው ይጠፋል፣ ስለዚህ እኔ ብሆን ትራንክን ትራንክ ብዬ ትቼ መጀመሪያ ሲመጣ በአንድ አረፍተ ነገር አስረዳለሁ።

—

ኔቲቭ ቪላንን ደሞ አደራ «ነባሪ» እንዳትለው እህታችሁ ነኝ የምለምነው፣ ነባሪ ዲፎልት ነው፣ ሲስኮ ላይ ዲፎልቱ 1 ነው እሱም አይቀየርም፣ ኔቲቭ ግን መለያ ሳይለብስ ትራንክ ላይ የመጣ ፍሬም የሚገባበት ቪላን ነው፣ ሲጀመር 1 ይሁን እንጂ 99ም ልታረገው ትችላለህ። «ተወላጅ» ያለ ሰው ደሞ ባይተረጉም ይሻል ነበር።

—

ተባረኩ። መለያ፣ ማልበስ፣ ማውለቅ ገብተዋል፣ ትራንክ እንዳለ ይቀመጣል፣ ኔቲቩን «የመለያ አልባዎቹ ቪላን» ልለው ነው፣ ረዝሟል ግን ማንንም አያሳስትም። ለቨርችዋል ማሽን የፃፍኩትን «ምናባዊ ማሽን»ንም አውጥቼዋለሁ፣ 16 ጊጋ ራም የሚበላ ነገር ምን ምናብ አለው።