ካሜራ ሳልዘጋ ድምፄ እንዳይቆራረጥ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ተቸግሬአለሁና እባካችሁ እርዱኝ። ኢንተርኔቴን ስለካው ማውረጃው 4 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ መላኪያው ግን 500 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እኔ ሰዎቹን ጥርት አድርጌ አያቸዋለሁ። እነሱ ጋ ግን አፌ እንደተከፈተ ምስሌ ቀጥ ይላል፣ ድምፄም እየተቆራረጠ ነው የሚደርሳቸው። ትናንት አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ኤችዲውን (ከፍተኛውን የምስል ጥራት) አጥፍቻለሁ። ካሜራውን ስዘጋ ድምፁ ወዲያው ይስተካከላል፤ መስመሩን የሚበላው ምስሉ ነው ማለት ነው። ግን መዝጋት አልችልም። አንዷ ባልደረባችን መስማት ስለሚያስቸግራት ከንፈሬን እያየች ነው የምትከታተለኝ። እሷን ማስቀረት አልፈልግም።

የስብሰባው ፕሮግራም የምስሉን ጥራት በራሱ ይቀንሳል፤ ችግሩ የሚቀንሰው ከተቆራረጠ በኋላ መሆኑ ነው። የምልከውን ምስል ከመጀመሪያው 360ፒ (ዝቅ ያለ የምስል ጥራት) ላይ የማስቀርበት መንገድ አለ? ምስሉ ቢደበዝዝ ግድ የለም፣ የከንፈሬ እንቅስቃሴ ብቻ አይቋረጥ። ከካሜራው ሴቲንግ ልቀንስ ወይስ ከፕሮግራሙ? ሐሙስ ስብሰባ አለን።