ለስታዲየሙ አዳሾች የሚላክ ደብዳቤ፣ ረቂቅ 3፦ የዊልቸር ቦታ ጥላ ፎቅ በኩል (ስለ ቀለሙ እዚህ አትጻፉ)

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 2 የት ላይ እንደቀረ ታውቃላችሁ። አዲሱ ይኸው። 12 የዊልቸር ቦታ፣ እያንዳንዱ 90 ሳንቲ በ140፣ ከጎኑ የረዳት ወንበር። አንድ ራምፕ፣ አንድ መጸዳጃ። የሕንፃ አዋጁን፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚለውን፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገብቻለሁ። እድሳቱ ሳያልቅ ካልደረስን፣ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ማንም አይሰብርልንም። አስተያየት እስከ ሐሙስ።

ብየዳ ቤት፦ "ምቹ ራምፕ" ብለህ ጽፈሃል። ምቹ ስንት ነው? ቁጥር ከሌለው ኮንትራክተሩ የአሸዋ ጋሪ የሚወጣበትን አፍስሶ ይሄዳል። 1 ለ12 በል። ከፍታው 60 ሳንቲ ቢሆን ርዝመቱ 7 ሜትር ከ20 ነው፤ ከላይና ከታች 1.50 ማረፊያ ሲጨመር 10 ሜትር ከ20። ያ ቦታ መኖሩን የለካ የለም። ካነሰ ይታጠፍ እንጂ ዳገት አይሁን። ስፋቱ ከ1.20 አይነስ። ሊሾ ደግሞ እንዳያደርጉት፤ ዝናብ ሲነካው ክራንች ያንሸራትታል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ይጫጫር።

ባለ ክራንች፦ የውሃ መውረጃው ፍርግርግ ተረስቷል። ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ከበለጠ የዊልቸር የፊት ጎማም የክራንች ጫፍም ይገባበታል።

ነጭ በትር፦ የደረጃዎቹ ጠርዝስ? በየደረጃው 5 ሳንቲ መስመር ይሰመር፣ መደገፊያ ብረቱም ከግድግዳው የተለየ ቀለም ይኑረው። ቢጫ በቡናማ ላይ ትንሽ ለሚያይ ሰው ጎልቶ ይታያል።

ከሚስማር ተራ፦ ቢጫና ቡናማ?! ማሊያ ነው እንዴ የምንሠራው?

ቡናማው፦ ሐሳቡን ያመጣው እኮ እኔ አይደለሁም። ግን ካላችሁ አልከፋም።

ከሚስማር ተራ፦ መዋጮው ከሁሉም ክለብ ነው። እኔ የከፈልኩበት ብረት የቡናን ማሊያ አይለብስም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቢጫው የጊዮርጊስም ነው። ግማሹ ደርሶሃል፣ ተወው።

ነጭ በትር፦ ጉዳዩ ልዩነቱ ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ቢጫ ብቻውን ግራጫ ኮንክሪት ላይ ፀሐይ ሲመታው ይጠፋል፤ ጥቁር መደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥቁር አድርጉትና ይለቅ።

ቡናማው፦ ጥቁር? ለቅሶ ቤት ነው? አንድ ሰው ስለተቆጣ ነው የምንቀይረው?

ባለ ዊልቸር፦ ዊልቸሮቹ የሚያርፉበት መድረክ የት ነው የሚቀመጠው? ትራኩ ላይ ከሆነ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጀርባ ነን። ሰሌዳው 1 ሜትር ቢሆን፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን 1.15 ገደማ ነው፤ የቅርቡ መስመር አይታይም፣ ተቀያሪ ሲያሟሙቅ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ደረጃው ላይ ከሆነ ጎል በገባ ቁጥር ፊት ያለው ሁሉ ይነሳል። የቆመ ሰው 1.75 ቢሆን ልዩነቱ ብቻ 60 ሳንቲ ነው፤ ዓይናችን ወደ ሜዳው ቁልቁል ስለሚያይ ከ80 በታች አይበቃም። ያኔ ራምፑ 9 ሜትር ከ60 ይሆናል፣ መሐል ላይም ማረፊያ ይፈልጋል።

ከሚስማር ተራ፦ ነጭና ጥቁር ለምን አይሆንም?

ካታንጋ፦ ዋልያዎቹ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሊሎንግዌ ነበሩ፣ ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የፈቀደው ሜዳ እዚህ ስላልነበረን። ደብዳቤው ከካፍ ፈቃድ ጋር ይያያዝ።

ጸሐፊ፦ እዚያ ከገባ የመጨረሻው ገጽ ላይ ይወድቃል። አዋጁ ይሻላል።

የሕንፃ ተማሪ፦ ቅዳሜ ሄጄ በሩንም ከፍታውንም እለካለሁ። ሜትር አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የመጸዳጃው በር 90 ሳንቲና ወደ ውጭ የሚከፈት ይባል። ወደ ውስጥ ከሆነ፣ ሰው ቢወድቅ በሩን ራሱ ይዘጋዋል። "ቁልፉ ጥበቃ ጋር ይሁን" የሚለው ይውጣ፤ በወሩ የመጥረጊያ ማከማቻ ነው የሚሆነው። ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ነው፣ ወይ መድረኩ ወይ መጸዳጃው።

ቡናማው፦ ለቀለም ስንት ተይዟል?

ጸሐፊ፦ ጎበዝ! 31 መልስ፣ 26ቱ ስለ ቀለም። ባለ ዊልቸር ለጠየቀው አንድ ሰው አልመለሰም። የሚቀጥለውን የቀለም መልስ እሰርዛለሁ።

ከሚስማር ተራ፦ ሰርዝ። መዋጮዬንም መልስ።

ከሚስማር ተራ፦ እሺ፣ ተናድጄ ነው። ይለፍ።

ጸሐፊ፦ ሰኞ ነው። ልኬቱስ? @የሕንፃ ተማሪ

ጸሐፊ፦ @የሕንፃ ተማሪ

ብየዳ ቤት፦ እሱን አትጠብቁት። ኮንክሪቱን ትተን ተንቀሳቃሽ መድረክ እኔ ልሥራ። 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ላዩ ባለ አበባ ላሜራ 3 ሚሊ፣ 1 በ2 ሜትር። ለ6 ሰው 6 ላሜራ። ፊቱ ላይ 10 ሳንቲ ከንፈር፣ የፊት ጎማ እንዳያመልጥ።

ባለ ዊልቸር፦ 1.40 እኛ ከያዝን ከኋላ የሚቀረው 60 ሳንቲ ነው። ዳር ያለው መጸዳጃ ሲያምረው አምስታችን ልንወጣለት ነው?

ብየዳ ቤት፦ ልክ ነህ። ከኋላ 3 ላሜራ በርዝመቱ ይጨመር፣ 9 ሆነ። አንዱ 47 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ላሜራው ብቻ ከ4 ኩንታል በላይ ነው። ተሸካሚ ይታሰብ።

ካታንጋ፦ ከተንቀሳቀሰ ጥላ ይኑረው እንጂ። ሸራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሸራ ከገባ መጸዳጃው ወጣ።

ነጭ በትር፦ የደረጃው ጠርዝስ?

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4፦ 6 ቦታ፣ ተንቀሳቃሽ፣ ሸራ ያለው። መጸዳጃና ደረጃ ለሚቀጥለው ዓመት። ለጠብ እንዳይሆን ቀለም የለም፣ አንቲረስት ብቻ ይቀባል።

ከሚስማር ተራ፦ አንቲረስት እኮ ቡናማ ነው።

ብየዳ ቤት፦ ግራጫም አለ።

ባለ ዊልቸር፦ 80 ሳንቲ ከፍታ ያለው መድረክ፣ ራምፑ ረቂቁ ላይ የለም። በምን እንወጣለን?

ቡናማው፦ ግራጫው የሚያብለጨልጨው ነው ወይስ ደብዛዛው?