አንድ ፊደል የበለጠ ስም፦ ጃፓን ውስጥ የባንክ ሂሳብ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

ከናጎያ

ሰላም ወገኖች፣

የዚህ ወር ደሞዜ አልገባም። ተልኮ ነበር፣ ግን ተመልሶ ሄደ። የመሥሪያ ቤታችን ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ደውላ "ቁጥሩ ልክ ነው፣ ስሙ ግን አልገጠመም" አለችኝ። እንዴት አይገጥምም? ከተወለድኩ ጀምሮ አልቀየርኩት!

ስሜ እንደ ብዙዎቻችን ረጅም ነው። እውነተኛውን እዚህ ከምጽፍ ጽጌረዳ ወልደገብርኤል ገብረመድኅን በሉኝ። ፓስፖርቴ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአያቴ ስም ነው። የመኖሪያ ካርዱ ደግሞ የፓስፖርቱን ቅደም ተከተል ነው የሚወስደው። ስለዚህ እዚህ አገር ገብረመድኅን ጽጌረዳ ወልደገብርኤል ነኝ። ክሊኒክ ስሄድ "ጌቡሬሜዶሂን ሳማ!" ብለው ይጠራሉ። አያቴን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ወረፋ ግን አብረን እንጠብቃለን።

እሱን ለምጄዋለሁ። ችግሩ ባንኩ በላቲን የተጻፈውን ዞር ብሎም አያየው። ሂሳቡ የሚታወቀው በካታካና ነው፣ ጃፓኖች የውጭ ስም በድምፁ በሚጽፉበት ፊደል። የከፈትኩ ቀን ካታካናውን የሞላልኝ መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ነው፤ "ወልደ" የሚለውን "ኡኤሩዴ" አደረገው። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ደግሞ በራሷ ጆሮ "ኡኦሩዴ" ብላ ሞላች። በኤ እና በኦ ምክንያት የወር ደሞዝ መንገድ ላይ ቀረ።

ይባስ ብሎ ደብተሬን ገልጬ ሳይ የአባቴ ስም መጨረሻ ተቆርጧል። "ወልደገብርኤ" ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ አላየሁትም።

አሁን የቱን ነው የማስተካክለው? ባንኩን ነው መሥሪያ ቤቱን?

ከፉኩኦካ

አይዞሽ እህቴ፣ ደሞዝሽ የትም አይሄድም። ባንኩን ተይው። የደብተርሽን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሺና ለልጅቷ ላኪላት፤ እንዳለ ትቅዳው። የተሳሳተ ቢመስላትም እንዳታርመው ንገሪያት። ጃፓኖች ስህተት ማረም ይወዳሉ፣ እዚህ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ለምን እንደተቆረጠብሽ ልንገርሽ፣ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነውና። ባንኮቹ እርስ በርስ ገንዘብ የሚላላኩበት ዜንጊን የሚባል ሥርዓት አለ፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ። ኩባንያዎች ክፍያ በሚልኩበት ፎርማት ለተቀባዩ ስም የተመደበው 30 ቦታ ነው። ፊደሉም ጠባቡ ካታካና ነው። "ጌ" ለመጻፍ "ኬ" ይጻፍና አጠገቡ ሁለት ጭረት ይደረጋል። በጠባቡ ካታካና ያቺ ጭረት ለብቻዋ አንድ ቦታ ትይዛለች። "ዴ"፣ "ቡ"፣ "ዶ" ሁሉ እንደዚያው። ትንንሾቹ ፊደላት ደግሞ በትልቁ ይጻፋሉ፤ "ዌ" የነበረችው "ኡኤ" የሆነችብሽ ለዚህ ነው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩልሽ። ገብረመድኅን 10፣ ጽጌረዳ 7፣ ወልደገብርኤል 12። በመሃል ሁለት ክፍት ቦታ። 31! በአንዷ ነው የተበላሽው። ገብሬ ብቻ የሚባል ሰው እንኳ በሦስት ፊደል 5 ቦታ ይወስዳል።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን የአክሲዮን ሂሳብ ነው። ኒሳ የሚባለው የኢንቨስትመንት ሂሳብ በ2024 ሲሰፋና በዓመት እስከ 3.6 ሚሊዮን የን ኢንቨስት አድርጎ ትርፉን ከታክስ ነፃ ማድረግ ሲቻል፣ እኔም ልሞክር ብዬ ገባሁ። የስም ሳጥኑ ሁለት ብቻ ነው፣ የቤተሰብ እና የራስ። የአባቴን ስም የት ልክተተው? ከራሴ ጋር አጣብቄ ጻፍኩት፤ ካርድህ ላይ ክፍተት አለ፣ እዚህ የለም ተብሎ ተመለሰ። ክፍተት ጨምሬ ላክሁ፤ አሁንም ተመለሰ። ስልክ ደውዬ ሳጣራ ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ነው ለካ። ሰፊውን ክፍተት አስገባ አሉኝ። ባዶ ቦታም ጠባብና ሰፊ አለው እዚህ አገር!

ከኦሳካ

ለምን ይሄን ሁሉ ትለፊያለሽ? ጹሾ አስመዝግቢ። አጭር የጃፓንኛ ስም አውጥተሽ በሱ ሂሳብ ክፈቺና ተገላገይ። የጎረቤቴ ሚስት እንደዚያ ነው ያደረገችው።

ከካጹሺካ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ዮጹጊ ሰፈር ከሐበሻው ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ይሄን ነገር በብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

የኦሳካዋ ልጄ፣ ጹሾ መጥፎ አይደለም። ግን ዝም ብሎ አይሰጥም፤ በዚያ ስም እንደምትታወቂ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ጃፓናዊ ያገባች ሰው ይቀላታል። ማይ ናምበር ካርድ (የመታወቂያ ቁጥሩ ካርድ) ላይ ይወጣል፣ የመኖሪያ ካርድ ላይ ግን አይወጣም። እንግዲህ በአንዱ ስም ያልተስማማ ሰው በሁለት ስም ሊስማማ ነው?

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አዲስ ለሚመጡት ንገሩልኝ። ካታካናችሁን መስኮት ላይ ላለ ልጅ ጆሮ አትተዉት። አድራሻ ልታስመዘግቡ ኩያኩሾ (የወረዳው ጽሕፈት ቤት) ከመሄዳችሁ በፊት ጃፓንኛ ከሚችል ሐበሻ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወስኑት፣ በወረቀት ጻፉት። ወልደ ዌ ይሁን ዎ፣ የራሳችሁ ምርጫ ነው፤ ብቻ አንዴ ከተመረጠ አይለወጥ። ኩያኩሾውን ጁሚንህዮ (የነዋሪነት መዝገብ) ላይ ካታካናውን እንዲያሰፍርላችሁ ጠይቁ። ያ ከሰፈረ በካታካና የተቀረጸ ሃንኮም (የስም ማኅተም) ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ከዚያ ባንክም ሆነ ስልክ ድርጅት ስትሄዱ ያንኑ ወረቀት ማሳየት ነው። ደግሞ ሥራ ሳይዛችሁ፣ 6 ወርም ሳይሞላችሁ ባንክ ቢመልሳችሁ አትቀየሙ፤ የውጭ ምንዛሪ ሕጉ ገና ነዋሪ ብሎ ስለማይቆጥራችሁ ነው።

ይሄ ሁሉ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። አገር ስትገቡ ነው የሚያንገበግበው። ጡረታ የከፈለበት ጊዜ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው ከጃፓን ሲወጣ የጡረታ መዋጮውን በከፊል ማስመለስ ይችላል፤ ማመልከቻው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በራሳችሁ ስም ባለ ሂሳብ ሲሆን የጃፓን ባንክ ከሆነ ካታካናው የተመዘገበበት መሆን አለበት። ያኔ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ስለ ኤ እና ኦ ብትከራከሩ ማን ይሰማችኋል?

የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። በ2023 መንግሥት ድጎማ የሚያስገባባቸው ሂሳቦች ሲፈተሹ 130 ሺህ ያህሉ በሌላ የቤተሰብ አባል ስም የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ። ባንክ ስሙን በካታካና ይይዛል፣ መዝገቡ በካንጂ፣ ከቻይና በመጣው ፊደል፤ ማሽኑ ማመሳከር አልቻለም። የካንጂው ስም እንዴት እንደሚነበብ የቤተሰብ መዝገባቸው ላይ ማስፈር የጀመሩት በ2025 ነው።

ከናጎያ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፉኩኦካው ወንድሜ፣ ፎቶውን ላክሁላት፣ ሐሙስ ደሞዙ ገባ። እንዳለ ነው የቀዳችው፣ የተቆረጠውን ጨምሮ። "ሩ የቀረች አይመስልህም ወይ?" ብላ አለቃዋን ስትጠይቅ በስልኩ ሰምቻታለሁ፤ የኛ "ል" በካታካና "ሩ" ናትና።

ማታ አባባ ጋ ደውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ደሞዙስ ገባ፣ ተመስገን" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "እና ሏን የት አደረሷት?"