የዕቅድ ውይይት፦ አባ ብራውንን በአማርኛ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ የተነሳውን ሐሳብ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ከማቅረባችን በፊት እዚሁ እናብስለው። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቼስተርተንን አባ ብራውን ወደ አማርኛ እንመልስ፣ በድምፅ እንቅዳው፣ ከተሳካ በትንሽ መጽሐፍ እናውጣው ነው የተባለው። ለማታውቁት፣ አባ ብራውን አጭር፣ ክብ ፊት፣ ዣንጥላው ከእጁ እየወደቀ የሚያስቸግረው የእንግሊዝ ካቶሊክ ቄስ ነው። ወንጀል ይፈታል። የመጀመሪያው ታሪክ በ1910 ወጣ፣ ከዚያ አምስት መጽሐፍ ሆነ። ሁሉን አንችልም። የትኞቹን እንምረጥ? አሁን ተናገሩ፣ ኋላ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ የመብቱ ነገር ይቅደም። ደራሲው የሞተው በ1936 ነው። እዚህ እንግሊዝ መብቱ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ነው፣ አገር ቤት 50። ሁለቱም አልፏል። አሜሪካ ግን የሚቆጠረው ከታተመበት ዓመት ስለሆነ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም እንዲያገኙት የ1935ቱን የመጨረሻ መጽሐፍ አንንካው። ከአራቱ ቀዳሚዎች እንምረጥ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ ባለፈው ግራ የተጋባ ነበር።)

ከካምደን (የለንደን ሰፈር)፦ የኤሊስ ፒተርስ መርማሪ ካድፌል አይሻልም? መነኩሴ ነው፣ መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ ለኛ ሰው ይቀርባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደራሲዋ ያረፉት በ1995 ነው እህቴ። መብቱ ገና አለ። ካዝናችንን ታውቂዋለሽ።

ተርጓሚው፦ እኔ የሁለቱን ታሪኮች ረቂቅ ጨርሻለሁ። «አባ» ያልኩት አስቤበት ነው። ካቶሊኮቻችን ካህናቸውን አባ ነው የሚሉት። ቄስ ብራውን ብለን ብንጽፍ «ሚስቱስ የት አለች?» የሚል አይጠፋም።

የከበደኝ «የማይታየው ሰው» ነው። ያላነበባችሁ ከዚህ በታች ያለውን ዝለሉት፣ ገዳዩን ልናገር ነው። አራት ሰዎች በር ይጠብቃሉ። አራቱም ማንም አልገባም ብለው ይምላሉ፣ በረዶው ላይ ግን የእግር ዱካ አለ። ገብቶ የወጣው ፖስተኛው ነው። ፖስተኛን ማንም ሰው ብሎ ስለማይቆጥረው አላዩትም። ይህን አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ በስልክ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ «ፖስተኛ ቤት ድረስ መጥቶ ማንም አላየውም? እኛ ሰፈር ቢመጣ ሕፃን ሽማግሌው ይከተለው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው! አገር ቤት ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ነው የሚገባው፣ ሰው ራሱ ሄዶ ከፍቶ ያወጣል። ታሪኩ የቆመበት ምሰሶ እኛ ዘንድ የለም። «ታዲያ እናንተ ጋ የማይታየው ማነው?» ስላት ሳታመነታ «ቆራሌው» አለች። ሁሉም ይሰማዋል፣ ማንም አያየውም። ቆራሌው ላድርገው እንዴ?

ጋሼ (የቀድሞ ሰብሳቢ)፦ ኧረ ተው ልጄ። ቦታው ለንደን ነው፣ ለንደን ይሁን። ዛሬ ቆራሌው ካስገባህ ነገ አባ ብራውን ጀበና ይጥዳል።

ተርጓሚው፦ እሺ ጋሼ፣ ግን መግቢያ ላይ «በዚያ ዘመን ለንደን ፖስተኛ በቀን ብዙ ጊዜ በየበሩ ይመላለስ ነበር» ብዬ ከጻፍኩ ገዳዩን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው።

ከካምደን፦ ቅጠል የሚደበቀው ጫካ ውስጥ ነው የሚለው ራሱ አባ ብራውን አይደል? ስለ ከተማው አንድ ገጽ ጻፍ። ወተት አዳዩን፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊውን፣ ባለ ጋሪውን ደርድርና ፖስተኛውን መሀል ላይ ጣል አድርገው።

ተርጓሚው፦ በቃ፣ ተፈታ። ቀጥሎ «ሰማያዊው መስቀል»። ሌባው ፍላምቦ ቄስ መስሎ ከአባ ብራውን ጋር ይጓዛል። ሐሰተኛነቱ የሚጋለጠው ምክንያትንና ማሰብን ሲያጣጥል ነው፣ አባ ብራውንም ይሄ መጥፎ ነገረ መለኮት ነው ይለዋል። «አመክንዮ» ብዬ ነበር፣ ሲነበብ ጎረበጠኝ። «ልቦና» ልበል?

ጋሼ፦ ልቦና ሲባል ልብም አለበት። ሰውዬው የሚለው ስለ ማሰብ ነው። «ማስተዋል» በለው።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አብዛኞቻችሁም። የካቶሊክ ስብከት እንዳይሆንብን?

ጸሐፊዋ፦ ደራሲው ራሱ ካቶሊክ የሆነው በ1922 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት ሲያወጣ ገና አልነበረም። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለውም ለአባ ብራውን መነሻ የሆነው ካህን፣ አባ ጆን ኦኮነር ነው። ደግሞ የነፍስ አባት ላለው ሰው ይሄ መርማሪ እንግዳ አይሆንም። ክፋትን የሚያውቀው ቀኑን ሙሉ የሰው ኃጢአት ሲሰማ ስለሚውል ነው። የያዘውን ሌባ ወደ ንስሐ ነው የሚገፋው፣ ፍላምቦ እኮ ኋላ ጓደኛው ይሆናል።

ከካምደን፦ አንድ ነገር። በ1914ቱ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥቁር ሰው የተጻፈው አንዳንዱ ያማል። በተለይ ቦክሰኛ ያለበት ታሪክ። እሱን ልጆቼ ፊት አላነብም።

ጸሐፊዋ፦ ይውጣ። ሁላችሁም ከተስማማችሁ ሁሉንም ከ1911ዱ እንውሰድ፦ «ሰማያዊው መስቀል»፣ «የማይታየው ሰው»፣ መዶሻው ያለበት፣ እና ያ የእግር ኮቴ የሚሰማበት። የመጨረሻው ለድምፅ የተፈጠረ ነው። ያው አንድ ሰው አንዴ እንደ አስተናጋጅ ይሮጣል፣ አንዴ እንደ ጌታ ይንቀራፈፋል፣ አባ ብራውን ደግሞ ግድግዳ ማዶ ሆኖ ይሰማዋል።

ተርጓሚው፦ ኮቴውን እኔ እቀዳለሁ። የቤቴ ወለል እንጨት ነው፣ የታች ጎረቤቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጋሼ፦ ሲመረቅ ሐምፕስቴድ ሂዝ እንሂድ። ፍላምቦ የተያዘው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። አንዱ ቆሞ ያንብብልን።

ገንዘብ ያዥ፦ አጸድቄያለሁ፣ ሻይ ግን የየራሳችሁ። ዣንጥላ ያዙ። አንድ ሰው ጥሎት እንደሚመጣ ከአሁኑ ይታየኛል።